ብዕርና መበየጃ፤ የኤሌክትሮኒክስ ዓምድ ጸሐፊዎች ታሪክ

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ሥልጣኔ መስፋፋት ሲተርኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የፈልሳፊዎችንና የባለጸጎችን ስም ነው። ቴሌግራፉን ማን እንደ ሠራ፣ ራዲዮውን ማን እንዳስፋፋ፣ ከኮምፒዩተሩ ንግድ ማን ሀብት እንደ ሰበሰበ በሰፊው ይጻፋል። ነገር ግን አንድ ዕውቀት ከፈልሳፊው ክፍል ወጥቶ ወደ ተራው ሰው እጅ እስኪደርስ ድረስ በመካከል ያለውን መንገድ የጠረጉት ሰዎች እምብዛም አይነገርላቸውም። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በየወሩ በሚወጡ መጽሔቶች ላይ ጥቂት ገጽ እየተሰጣቸው፣ ለጀማሪው የሽቦውን መንገድ በሥዕል እያሳዩ፣ የተሳሳተውንም እያረሙ ያስተማሩ የዓምድ ጸሐፊዎች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው የእነዚህን ሰዎች ታሪክ፣ በተለይም ሥራው እጅግ በተስፋፋበት በአሜሪካ የነበረውን ነው። «አማተር» ስንል ኤሌክትሮኒክስን ለደመወዝ ሳይሆን ስለ ወደደው ብቻ በትርፍ ጊዜው የሚሠራውን ሰው ማለታችን ነው። የተጠቀሱትም ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን። የታሪኩ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ የእነዚህ ጸሐፊዎች ዋና ሀብት የአንባቢ እምነት ነበረ፤ እምነቱም በተጠበቀበት ጊዜ ማንም ያላሰበው ፍሬ አፈራ።

የዚህ ዓይነት ጽሑፍ አባት ከሚባሉት አንዱ ሁጎ ገርንስባክ ነው። ገርንስባክ በ1884 በሉክሰምበርግ ተወልዶ በ1904 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በኒውዮርክም የኤሌክትሪክ ዕቃ ከውጭ አገር እያስመጣ የሚሸጥ ድርጅት አቋቁሞ፣ ቴሊምኮ የተባለ ትንሽ የገመድ አልባ ቴሌግራፍ ማስተላለፊያና መቀበያ በ1905 ከ10 ዶላር ባነሰ ዋጋ ለገበያ አቀረበ። በዚያ ዘመን ገመድ አልባ ቴሌግራፍ የመርከብ ኩባንያዎችና የጦር ኃይሎች መሣሪያ ነበረና፣ በዚህን ያህል ርካሽ ዋጋ ሊገኝ ይችላል ብሎ ለማመን የሚከብደው ሰው ብዙ ነበረ። ገርንስባክ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፣ ነገሩ ማታለል ነው የሚል አቤቱታ ቀርቦ አንድ ፖሊስ ጉዳዩን ለመመርመር እስከ ሱቁ ድረስ መጥቶ ነበር።

ዕቃው መሸጥ ከጀመረ በኋላ ሌላ ችግር ተከተለ። ገዢው ዕቃውን ይዞ ቤቱ ሲገባ እንዴት እንደሚያገጣጥመው፣ በምንስ ምክንያት እንደሚሠራ የሚያስረዳው ያስፈልገው ነበር። የዕቃ ዝርዝር ብቻውን መምህር ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ገርንስባክ በኤፕሪል 1908 «ሞደርን ኤሌክትሪክስ» የተባለ ወርኃዊ መጽሔት አወጣ፤ በ1913ም «ኤሌክትሪካል ኤክስፐሪመንተር»ን፣ በ1919 ደግሞ ቈይቶ «ራዲዮ ኒውስ» የተባለውን መጽሔት አስከተለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ገርንስባክ ዕቃውን የሚሸጥ ነጋዴ፣ ስለ ዕቃውም የሚያስተምር ጸሐፊ ነበረ። ነጋዴውና መምህሩ በአንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ የሚቀርበው ምስጋና ስለ ዕውቀት ይሁን ስለ ገበያ ለመለየት ያስቸግራል። ይህ ጥርጥር ከሥራው ጋር አብሮ ተወልዶ እስከ መጨረሻው አልተለየውም። ሆኖም ከጥርጥሩ የሚያድን አንድ ፈተና ነበረ፤ ይኸውም የአንባቢው ጠረጴዛ ነው። በመጽሔቱ የታተመው መሣሪያ በአንባቢው እጅ ተገጣጥሞ ካልሠራ፣ ጸሐፊው ምንም ያህል ቢራቀቅ በሚቀጥለው ወር የሚያምነው አያገኝም።

የእንዲህ ያለው መጽሔት ጥቅም በንግድ ብቻ ሳይወሰን ቀረ። የታይታኒክ መርከብ በሰጠመችበት በ1912 የአሜሪካ መንግሥት የራዲዮን ሥራ በሕግ ሲደነግግ፣ አማተሮቹ ከ200 ሜትር በሚበልጥ የሞገድ ርዝመት እንዳይጠቀሙ ተወሰነባቸው። በጊዜው የነበሩት ባለሙያዎች ከዚያ በታች ያለው አጭር ሞገድ ለሩቅ መልእክት አይረባም ብለው ያምኑ ነበርና፣ ለአማተሮቹ የተተወላቸው ማንም የማይፈልገው ጠፍ መሬት ነበረ ለማለት ይቻላል። በ1914 ግን ሃይራም ፐርሲ ማክሲም ከባልደረባው ጋር የአማተሮችን ማኅበር መሠረተ፤ በዲሴምበር 1915ም «ኪው ኤስ ቲ» የተባለው መጽሔት መታተም ጀመረ። በዚህ መጽሔት ላይ አንዱ የሠራውን ለሌላው ያሳይ፣ አንዱ የሰማውን ለሌላው ይነግር ነበር።

በዲሴምበር 1921 ፖል ጎድሊ የተባለ አሜሪካዊ ወደ ስኮትላንድ ተልኮ፣ በአርድሮሳን የባሕር ዳርቻ ድንኳን ተክሎ፣ ከ20 የሚበልጡ የአሜሪካ አማተሮችን ምልክት ከውቅያኖስ ማዶ ሰማ። በኖቬምበር 1923 ደግሞ በፈረንሳይ አገር በኒስ ከተማ የነበረው ሌዮን ዴሎይ ከአሜሪካዊው ከፍሬድ ሽኔል ጋር ከ200 ሜትር እጅግ ባነሰ አጭር ሞገድ መልእክት ተለዋወጠ። ጠፍ የተባለው መሬት ለም ሆኖ ተገኘ። ይህን ያስገኘው የአንድ ሊቅ ምርምር ብቻ ሳይሆን፣ በየቤቱ ተበታትነው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች በመጽሔት ገጽ ላይ አንድ ጉባኤ መሆናቸው ነው።

ዓምዱም ከጊዜ ወደ ጊዜ የራሱን ሥርዓት ያዘ። በመጀመሪያ ጸሐፊው የሚሠራው መሣሪያ ለምን እንደሚጠቅም ይናገራል። ሁለተኛ፣ የመሣሪያው ክፍሎች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚገናኙ በምልክት የሚያሳይ ንድፍ ያቀርባል። ሦስተኛ፣ የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች ከነመጠናቸው ይዘረዝራል። አራተኛ፣ የትኛው ክፍል አስቀድሞ፣ የትኛውስ በኋላ እንደሚበየድ በተራ ያስረዳል። በመጨረሻም መሣሪያው አልሠራ ቢል ጥፋቱ ከየት እንደሚፈለግ ይጠቁማል። ይህ የመጨረሻው ክፍል ለጀማሪው ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ብዙው የመማሪያ መጽሐፍ ነገሩ በትክክል ሲሆን ምን እንደሚመስል ይናገራል እንጂ፣ ተማሪው ሌሊት ብቻውን ተቀምጦ መብራቱ አልበራ ሲለው ምን ያድርግ የሚለውን አይነግርም።

የዚህ ሥራ ኃላፊነት ከሌላው የጽሕፈት ሥራ የሚለይበት ምክንያትም አለው። በአንድ ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ብትሳሳት አንባቢው በልቡ አርሞ ያልፋታል። በሽቦ ንድፍ ውስጥ አንዲት መስመር ብትሳሳት ግን፣ ተማሪው ከኪሱ አውጥቶ የገዛው ዕቃ ይቃጠላል። ትራንዚስተር ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ባለ አምፑል ራዲዮዎች ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ቮልት ይገኝ ስለ ነበረ፣ ስሕተቱ ሕይወትንም ሊያጠፋ ይችል ነበር። ስለዚህ ደኅነኛ ጸሐፊ መሣሪያውን አስቀድሞ በገዛ እጁ ሳይሠራ ብዕሩን አያነሣም፤ ስሕተት ቢገኝም በሚቀጥለው ወር በግልጥ አትሞ ያርማል። እንዲህ ያለው እርማት የጸሐፊውን ክብር የሚያስከብር እንጂ የሚቀንስ አልነበረም።

ከኦክቶበር 1954 ጀምሮ «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» የተባለው መጽሔት ሲወጣ፣ ለወጣቶች የሚሆን ሌላ የማስተማሪያ መንገድ ታየ። ጆን ፍራይ የተባለው ጸሐፊ፣ ካርልና ጄሪ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በኤሌክትሮኒክስ ዕውቀታቸው ልዩ ልዩ ችግር ሲፈቱ የሚያሳይ አጫጭር ታሪክ እስከ 1964 ድረስ በተከታታይ ጻፈ። ፍራይ በሕፃንነቱ በፖሊዮ በሽታ ተይዞ በተሽከርካሪ ወንበር የሚኖር ሰው ነበረ። በሌላ መጽሔት ላይም ከ1948 ጀምሮ፣ አንድ የራዲዮ ጠጋኝና ረዳቱ በሥራ ላይ ሳሉ የሚነጋገሩበትን ዓምድ ያዘጋጅ ነበር። ረዳቱ ይጠይቃል፣ ጌታው ይመልሳል፤ አንባቢውም በሁለቱ መካከል ተቀምጦ ይማራል። ይህ አጻጻፍ በአገራችን መምህርና ደቀ መዝሙር በጥያቄና በመልስ የሚማማሩበትን የቈየ ልማድ ያስታውሰናል።

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና ምዕራፍ ደርሰናል። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ኮምፒዩተር የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የዩኒቨርሲቲና የትልልቅ ኩባንያዎች ንብረት ነበረ። አንድ ተራ ሰው ኮምፒዩተር በቤቱ ሊያኖር ያስባል ቢባል ቀልድ ይመስል ነበር። ይህን ግድግዳ ለመስበር ከሞከሩት መካከል በብዕር የሚተዳደሩ የመጽሔት ጸሐፊዎች ነበሩበት። በሴፕቴምበር 1973 ዶን ላንካስተር «ራዲዮ ኤሌክትሮኒክስ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ ተራ ቴሌቪዥን ፊደል እንዲጽፍ የሚያደርግ መሣሪያ አሠራር አቀረበ። በዚያ ዘመን ሰው የጻፈውን ፊደል በቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ማየት እንግዳ ነገር ነበረ። በጁላይ 1974 ደግሞ ጆናታን ታይተስ በዚያው መጽሔት ላይ «ማርክ 8» የተባለውን፣ በኢንቴል 8008 ማይክሮፕሮሰሰር የሚሠራ ትንሽ ኮምፒዩተር አሳየ።

ይህን ያዩት የ«ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» አዘጋጆች ከባላንጣቸው ላለመቅረት የሚበልጥ መሣሪያ ይፈልጉ ጀመር። በኒው ሜክሲኮ ግዛት በአልበከርኪ ከተማ ኤድ ሮበርትስ የሚመራው «ሚትስ» የተባለ ድርጅት ነበረ። ይህ ድርጅት በ1969 ሲመሠረት ለአሻንጉሊት ሮኬቶች የሚሆን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ቈይቶም የሒሳብ ማስሊያ መሣሪያ ሲሠራ የዋጋ ውድድር በርትቶበት ከብዙ ዕዳ ላይ ወደቀ። ሮበርትስ ከውድቀት ለመዳን በኢንቴል 8080 የሚሠራ ኮምፒዩተር ለመሥራት ቈረጠ። የዚህ ማይክሮፕሮሰሰር የችርቻሮ ዋጋ 360 ዶላር ሲሆን፣ ሮበርትስ ብዙ አንድ ላይ በመግዛቱ እያንዳንዱን በ75 ዶላር አገኘው። ስለዚህ «አልቴር 8800» የተባለው ኮምፒዩተር ከነሣጥኑ፣ ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው ተደርጎ፣ በመጽሔቱ ላይ በ397 ዶላር ሊቀርብ ቻለ።

መሣሪያው በጃንዋሪ 1975 እትም ሽፋን ላይ እንዲወጣ ተወስኖ፣ ለፎቶግራፍ ወደ ኒውዮርክ በተላከ ጊዜ መንገድ ላይ ጠፋ። የመጽሔቱ ማተሚያ ጊዜ ደርሶ ስለ ነበረ፣ መብራቶቹና ማብሪያ ማጥፊያዎቹ በፊቱ የተደረደሩበት፣ ውስጡ ግን ባዶ የሆነ ሌላ ሣጥን በፍጥነት ተዘጋጅቶ ፎቶግራፉ ተነሣ። ብዙ ሺህ አንባቢዎች «ኮምፒዩተር ይህ ነው» ብለው የተመለከቱት እንግዲህ ባዶ ሣጥን ነበረ።

ይህ ነገር በላይ ስለ አንባቢ እምነት ከተናገርነው ጋር እንዴት ይታረቃል? እኛ እንደሚመስለን ድርጊቱ የሚወደስ አይደለም፤ ለአንባቢው ቢነገረው በተሻለ ነበር። ነገር ግን ሮበርትስና ባልደረባው ዊሊያም ዬትስ በገጾቹ ውስጥ የጻፉት መሣሪያ የእውነት ነበረ፤ ምንም እንኳ ብዙ ደንበኞች ለወራት ቢጠብቁ ዕቃው ደረሳቸው፤ ተገጣጥሞም ሠራ። ሽፋኑ ባዶ ሆኖ ጽሑፉም ባዶ ቢሆን ኖሮ፣ የግል ኮምፒዩተር ታሪክ በማታለል የተጀመረ ይሆን ነበር። የሽፋኑን ጕድለት የሸፈነው የውስጡ ጽሑፍ ነው።

«አልቴር» ሲደርስ የጽሕፈት መምቻና የቴሌቪዥን መስኮት አልነበረውም። የማስታወሻው መጠን 256 ባይት ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከዚህ ጽሑፍ አንድ አንቀጽ እንኳ አይዝም። ትእዛዝ የሚሰጠውም በፊቱ ያሉትን ማብሪያ ማጥፊያዎች አንድ በአንድ ከፍ ዝቅ በማድረግ ነው። ሆኖም በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አዘዙት። ፖል አለን መጽሔቱን ከሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ካለው መሸጫ ገዝቶ ለወዳጁ ለቢል ጌትስ አሳየው፤ ሁለቱም ለዚህ መሣሪያ «ቤዚክ» የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጅተው በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍትን መሠረቱ። በማርች 5 ቀን 1975 ደግሞ በካሊፎርኒያ በሜንሎ ፓርክ፣ በአንድ ሰው የመኪና ጋራዥ ውስጥ የአማተሮች ክበብ ተሰበሰበ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያውን የአፕል ኮምፒዩተር የሠራው ስቲቭ ዎዝኒያክ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ግን ከባድ ክርክር ተነሣ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በመጽሔት የወጣ ንድፍ የሁሉ ነው የሚል ልማድ ነበረ። ጌትስ በፌብሩዋሪ 1976 ለአማተሮች ግልጥ ደብዳቤ ጽፎ፣ ፕሮግራሙን ሳይከፍሉ የሚገለብጡ ሰዎች የሠራተኛውን ድካም እንደሚነጥቁ በብርቱ ቃል ወቀሰ። በሌላው ወገን «ዶክተር ዶብስ ጆርናል» የተባለው መጽሔት ከጃንዋሪ 1976 ጀምሮ፣ በትንሽ ማስታወሻ የሚሠራ ቀላል «ቤዚክ» ማንም ወስዶ እንዲሠራበት ያትም ጀመር። በሁለቱም ወገን እውነት አለ። ደራሲ ከድካሙ ፍሬ መብላት ይገባዋል፤ ዕውቀትም ተቈልፎበት ከቀረ ይመክናል። የዓምድ ጸሐፊው በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው ነው፤ በጽሑፉ መጠነኛ ዋጋ ተቀብሎ ንድፉን ለሁሉ ይለቃል።

የዋጋውንም ነገር ካነሣን ዘንድ ፎረስት ሚምስን መጥቀስ ይገባል። ሚምስ ከ«ሚትስ» መሥራቾች አንዱ ሲሆን፣ በ1969 ስለ ሮኬት መብራት ለጻፈው የመጀመሪያ ጽሑፉ የተከፈለው 93 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበረ። ድርጅቱን ለቆ በጸሐፊነት ሲኖር፣ ሮበርትስ የ«አልቴር»ን መመሪያ እንዲጽፍለት ጠይቆት ስለ ድካሙ አንድ ኮምፒዩተር ሰጠው። ከኦክቶበር 1975 ጀምሮም በ«ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» ላይ ለጀማሪዎች የሚሆን ዓምድ ያዘ። በ1983 የታተመውና «በኤሌክትሮኒክስ መጀመር» ልንለው የምንችለው 128 ገጽ ያለው መጽሐፉ ፊደሉም ሥዕሉም በእጁ የተጻፈ ሲሆን፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ሚምስ በኤሌክትሮኒክስ የትምህርት ማዕረግ አልነበረውም። ነገር ግን ራሱ በሠራው ትንሽ መሣሪያ የኦዞንን መጠን እየለካ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ሳተላይት ልኬት ስሕተት እንዳለበት አመለከተ፤ ስለዚህም ሥራው በ1993 የሮሌክስ ሽልማት ተቀበለ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሰው የተስማማ ነው።

በሴፕቴምበር 1975 በተጀመረው «ባይት» መጽሔት ላይ ደግሞ ስቲቭ ሲያርሲያ ከ1977 እስከ 1988 ድረስ በየወሩ ማለት ይቻላል አንድ አንድ መሣሪያ እየሠራ አቀረበ። የዓምዱን ስም ያወጣው ከሚሠራበት ከቤቱ ምድር ቤት ነው። በ1988ም የራሱን መጽሔት አቋቋመ።

ይሁን እንጂ ዘመኑ እየተለወጠ ሄደ። አማተሮቹ እንዲወለድ ያደረጉት ኮምፒዩተር ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ሆኖ ከሱቅ ይሸጥ ጀመር፤ ገዢውም ሣጥኑን መክፈት አላስፈለገውም። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹም እጅግ ከማነሳቸው የተነሣ በእጅ መበየድ አስቸጋሪ ሆነ። «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» በ1982 ስሙን ለውጦ በ1985 ተቋረጠ፤ «ባይት»ም በ1998 መታተሙን አቆመ። መጽሔቶቹን ያዳከማቸው የራሳቸው ድል ነው ማለት ይቻላል።

ቢሆንም ሥራው ፈጽሞ አልሞተም። በ2012 በብሪታንያ «ራስፕበሪ ፓይ» የተባለ ርካሽ ኮምፒዩተር ለተማሪዎች ሲቀርብ፣ ወዳጆቹ በዚያው ዓመት «ማግፓይ» የተባለ መጽሔት ጀመሩ። የዲሴምበር 2015 እትሙ ሲወጣ በሽፋኑ ላይ የተለጠፈ እውነተኛ ኮምፒዩተር ለገዢው በነጻ ተሰጠ። በ1975 በሽፋን ላይ የነበረው የባዶ ሣጥን ሥዕል፣ ከ40 ዓመት በኋላ የሚሠራ ኮምፒዩተር ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚተርፈን ምንድን ነው? በየከተማው ራዲዮና የእጅ ስልክ የሚጠግኑ ብልህ ወጣቶች አሉን። ዕውቀታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓይንና በአፍ የሚተላለፍ ስለ ሆነ፣ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ሱቅ ሳይሻገር ይቀራል። ይህን ዕውቀት በአማርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን፣ ከነንድፉና ከነስሕተት መፈለጊያው፣ በየወሩ በጥቂት ገጽ የሚጽፍ መምህር ቢገኝ ድካሙ ከንቱ አይሆንም። ለዚህ የሚያስፈልገው ታላቅ ማዕረግ ወይም ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ የሚጽፈውን አስቀድሞ በእጁ የሚሠራ፣ ቢሳሳት በግልጥ የሚያርም፣ የማያውቀው አንባቢ በሌላ ከተማ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ቃሉን አምኖ ገንዘቡን እንደሚያወጣ የማይዘነጋ ጸሐፊ ነው። መጽሔት ያላቸው መሥሪያ ቤቶችም እንዲህ ላለው ጸሐፊ ሁለት ገጽ ቢለቁለት፣ ከሚያትሙት ሁሉ ይልቅ ብዙ ዘመን የሚቈይ ሥራ እንደ ሠሩ ይቈጠራል።